የሐያሲው የዕረፍት ወራት

በኢትዮጵያ ደጋ ሰኔ ግም ሲል ዝናቡ ይበረታል፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሰው ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። በሰሜን አሜሪካ ግን እነዚሁ ወራት የሙቀትና የብርሃን ወራት ናቸው። ጀንበር አምሽታ ስለምትጠልቅ ሕዝቡ ከቤቱ ይወጣል፤ ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ መናፈሻ፣ ወደ ጨዋታ ሜዳ ይተማል። ቴሌቪዥኑ በዚያን ጊዜ ተመልካች ያጣል። ተመልካች ሲጠፋ ደግሞ የንግድ ማስታወቂያ ዋጋ ይወድቃል። ማስታወቂያ በሚያስተዳድረው ሥርዓት ውስጥ ውጤቱ ግልጽ ነው፦ አዲሱ ድራማ ለመስከረም ይቆያል፤ በሐምሌና በነሐሴ ያለፈው ይደገማል።

ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለአንድ ተከታታይ ድራማ በዓመት 39 ያህል ክፍሎች ይሠሩለት ነበር። ከ52ቱ ሳምንታት የቀሩት 13ቱ በድጋሚ ወይም በተተኪ ዝግጅት ይሸፈኑ ነበር። የዝግጅቱ ወጪ እየከበደ ሲሄድ የክፍሎቹ ቁጥር ወደ 22 ገደማ ወረደ፤ የድጋሚውም ጊዜ በዚያው መጠን ሰፋ።

ለጋዜጣ የቴሌቪዥን ሐያሲ ታዲያ እነዚህ ወራት ምን ናቸው? በሌላው ጊዜ ኑሮው ጥድፊያ ነው። ደራሲና አዘጋጅ ብዙ ወራት የደከሙበትን ሥራ እሱ በአንድ ምሽት አይቶ በማግሥቱ ፍርድ መስጠት ይጠበቅበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ያመለጠውን መልሶ የሚለቅምበት ፋታ የለውም። በሐምሌ ወደ ሎስ አንጀለስ ተጉዞ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር የመስከረሙን ድራማ ተስፋ ከአዘጋጆቹ አፍ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ምሽቶች የራሱ ነበሩ። ምን እንደሚያይባቸው መምረጡ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ስለ ሙያው ያለው እምነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

የአለን ሴፒንዎል ምርጫ ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ሴፒንዎል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በኒው ጀርሲው «ስታር-ሌጀር» ጋዜጣ ላይ ስለ ቴሌቪዥን ይጽፍ ነበር። የ2008 የዕረፍት ወራት የመጡት ከከባድ ዓመት በኋላ ነው። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ደራሲያን፣ ሥራቸው በኢንተርኔት ሲሰራጭ ተገቢው ድርሻ እንዲከፈላቸው በመጠየቅ፣ ከኅዳር 2007 እስከ የካቲት 2008 ለ100 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ድራማዎች በመንገድ ተቆረጡ። ሐያሲው ያን ጊዜ አዲስ ነገር ፍለጋ አልባከነም፤ ከስድስት ዓመት በፊት ወደተጀመረ ሥራ ተመለሰ።

ሥራው «ዘ ዋየር» ይባላል፤ ስሙ ፖሊስ ስልክ ጠልፎ የሚያዳምጥበትን ዘዴ ያመለክታል። ደራሲው ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ጋዜጠኛ የነበረ ሲሆን፣ የሥራ ባልደረባው ኤድ በርንስ በዚያው ከተማ ፖሊስ፣ በኋላም መምህር ነበር። ድራማው በሰኔ 2002 ተጀምሮ በመጋቢት 2008 ሲያበቃ 60 ክፍሎች ነበሩት። መጀመሪያ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድንና ፖሊስን ያሳያል፤ ቀጥሎ የወደብ ሠራተኞችን፣ የከተማውን አስተዳደር፣ ትምህርት ቤቱን፣ በመጨረሻም የጋዜጣውን ቤት። በታየበት ዘመን ተመልካቹ ጥቂት ነበር፤ የቴሌቪዥን ታላቅ ሽልማት የሆነውን ኤሚንም አንድ ጊዜ እንኳ አላገኘም። ያልተደመጠን ሥራ ዳግም ለማስደመጥ ያ ወቅት የተመቸ ነበር።

ሴፒንዎል የመጀመሪያውን ዙር 13 ክፍሎች በተራ እያየ ጻፈባቸው። ለእያንዳንዱም ክፍል ሁለት ቅጂ አዘጋጀ፤ አንዱ ድራማውን ገና ለሚጀምሩ፣ ሌላው እስከ ፍጻሜው አይተው ለጨረሱ። በመጀመሪያው ቅጂ ወደፊት ስለሚመጣው ነገር አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ በሁለተኛው መጨረሻውንና መጀመሪያውን ያያይዛል። በአንድ ክፍል ውስጥ ጀማሪና ቀዳሚ ተማሪ አብረው ተቀምጠው ያስተማረ መምህር የዚህን ዘዴ ጥበብ ወዲያው ይረዳዋል።

በሦስተኛው ክፍል ያለ አንድ ትዕይንት ጉዳዩን ያብራራል። በድሆች መኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ ብርቱካንማ ሶፋ ከተጣለበት ስፍራ፣ ሁለት ልጆች በሰንጠረዥ ጠጠሮች ዳማ ይጫወታሉ። ዕፅ እንዲሸጡ የሚያሰማራቸው ዲአንጄሎ የተባለው ወጣት ያይና ይገረማል፤ ቁጭ ብሎም ሰንጠረዥን ያስተምራቸዋል። ንጉሡ ምን እንደሆነ፣ ወታደሮቹ ለምን ከፊት እንደሚሰለፉና ለምን ቀድመው እንደሚያልቁ በሚያውቁት ሕይወት ቋንቋ ያስረዳቸዋል። ለአዲሱ ተመልካች ትዕይንቱ ፈገግ የሚያሰኝ የጨዋታ ትምህርት ነው። የሦስቱን ወጣቶች ዕጣ ለሚያውቀው ግን እያንዳንዷ ጠጠር ትከብዳለች። ትዕይንቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ስለ ልጆቹ ዕጣ ከዚህ በላይ ማለት ድራማውን ገና ያላየውን አንባቢ መበደል ይሆናል።

የዚያ ዓመት ነገር በዚህ አላበቃም። በዚሁ ዓመት መጀመሪያ የታየው የድራማው የመጨረሻ ዙር፣ ሠራተኛ እየተቀነሰበት የሚመነምን ጋዜጣን ያሳይ ነበር። ሴፒንዎል የመጀመሪያውን ዙር እንደገና በሚያይበት ወቅት፣ ሐምሌ ሳይወጣ፣ የራሱ ጋዜጣ ባለቤቶች የሠራተኛው ቁጥር ካልቀነሰ ጋዜጣው እንደሚሸጥ አስታወቁ። ዓመቱ ሳያልቅም ከዜና ክፍሉ ባልደረቦች ግማሽ የሚጠጉት ካሣ ተቀብለው ወጡ። በምሽት በመስኮቱ የታየው ታሪክ ቀን በቢሮው ውስጥ ሆነ። እሱ እስከ 2010 በዚያው ቆየ፤ ጋዜጣው ደግሞ በየካቲት 2025 የወረቀት ኅትመቱን አቆመ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ቴሌቪዥን በባሕርዩ ዛሬ የታየውን ነገ የሚያስረሳ መሣሪያ ነው፤ የሚቀጥለው ሁልጊዜ ያለፈውን ይገፋዋል። ሐያሲም ከዚያ ጅረት ጋር ብቻ ከሮጠ የማስታወቂያው ተላላኪ ከመሆን አያልፍም። አንድን ሥራ መልሶ ማየት ግን ለደከመበት ሰው ዋጋ መስጠት ነው፤ ለተመልካቹም በችኮላ ያመለጠውን ማቀበል ነው። ሴፒንዎል በ2009 ተመሳሳይ ወራት የወደብ ሠራተኞቹን ዙር፣ በ2010 ደግሞ ሦስተኛውን አነሣ። ከውጭ ጀንበሯ ገና አልጠለቀችም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ነው፤ እሱ ግን አስቀድሞ ያየውን ታሪክ ከመጀመሪያው ይጀምራል።