ኮምፒውተራችን ሲከፈት የምትወጣው ሳጥን



ዛሬ እንደ ወትሮው ስለ ኪታብ አንጽፍም። የምንጽፈው ስለ ቤታችን ኮምፒውተር ነው። ነገሩ በብዙዎቻችሁ ቤት እንዳለ ስለምናውቅ፣ በመሃሉም ሰው የበደልንበት ስላለ ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታገሱን።

ቤታችን ጎሮ ነው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ሳሎን ጥግ ተቀምጦ ልጆች ቁርኣን ይሰሙበታል። እኛ ደግሞ የመስጂዱን ሥራ እንሠራበታለን፤ የሕፃናት መድረሳ መዝገብ፣ የጀናዛ እድሩ መዋጮ፣ የጁሙዓ ኹጥባ ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ዘካ የሚደርሳቸው ቤተሰቦች ዝርዝር ነው። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ አጠገቡም ለምን እንደሚገባቸው አጭር ማስታወሻ አለ። ባሏ ጥሏት የሄደ እህት አለችበት። ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነጋዴ ነው ብሎ የሚያስበው፣ እዳ ያጎበጠው ወንድምም አለበት። ይህን ዝርዝር ከሸይኻችንና ከእኛ በቀር የሚያየው የለም። አማና ነው።

አንድ ቀን ከፈጅር ሰላት ተመልሰን ኮምፒውተሩን ስንከፍት አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ራስጌዋ ላይ «ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት» ይላል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ የስክሪፕቱን ፋይል ማግኘት አልቻልኩም የሚል መልእክት፣ ከዚያ ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር፣ መጨረሻው ቪቢኤስ። «ኦኬ» የሚለውን ነክተን ዘጋናት። በማግስቱ መጣች። በሦስተኛውም ቀን መጣች። የልጆቻችን እናት «ይቺ ነገር እኮ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች» አለች።

መገናኛ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ሲፒዩውን በታክሲ ይዘን ሄድን። ልጁ ገና ሳያበራው «ፎርማት ነው» አለ። ፎርማት አደረገልን፣ ከፈልን፣ ተመለስን። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ሳጥኗ ተመለሰች! ደግመን ወሰድነው፣ ደግሞ ፎርማት አደረገው፣ ደግመን ከፈልን። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን ነገሩ ወደ ሌላ ሐሳብ ወሰደን። ይህ ሰው ሆን ብሎ የሚያደርገው ነገር ነው አልን።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከመድረሳ ተማሪዎቻችን አንዱ፣ ዕድሜው 17 የሆነ ልጅ፣ እየመጣ የተማሪዎችን ስም ይተይብልን ነበር። እጁ ፈጣን ነው፣ ኮምፒውተር ይወዳል። ሳጥኗ ለሦስተኛ ጊዜ ከመታየቷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ስልኩን በኬብል ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ አይተነዋል። ቻርጅ እያደረገ ነበር። እኛ ግን በዚያው ሰሞን ስለ ስለላ ሶፍትዌር አንብበን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም፣ በውጭ ለሚኖሩ የኦሮሞ አክቲቪስቶችና ሌሎች ሰዎች የፍላሽ ፕሌየር ማደሻ መስሎ በኢሜይል ስለተላከ የስለላ ፕሮግራም ያወጣው ሪፖርት ነው። ይህን ያነበበ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያለችውን ሳጥን በምን ዓይን እንደሚያያት ገምቱ። ልጁን በሚቀጥለው ቅዳሜ በር ላይ ተቀብለን «ከእንግዲህ እኛው እንጨርሰዋለን፣ አትድከም» አልነው። ሌላ አልተናገርንም። ግን ፊታችን ተናግሯል፤ ገብቶታል። ሱረቱል ሑጁራት ስለ ጥርጣሬ ምን እንደምታስጠነቅቅ ለልጆች ስንት ጊዜ አቅርተናል! የራሳችን ቤት ሲደርስ ግን አላስታወስናትም።

ከዒሻእ ሰላት በኋላ አንድ ቀን ይህን ጉዳይ ለአንድ ጀመዓችን ነገርነው። ወንድማችን የአንድ ባንክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። በስልካችን ያነሳነውን የሳጥኗን ፎቶ አየና ሳቀ።

«ኡስታዝ፣ ይቺ ቫይረሱ አይደለችም። ቫይረሱ ከሞተ በኋላ የቀረው ስሙ ነው።»

አልገባንም። በእድር አስረዳን። ሰው ሞቶ ስሙ ከመዝገብ ካልተሰረዘ ገንዘብ ያዡ በየወሩ ይጠራዋል፤ «የለም» ይባላል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ይጠራዋል። ዊንዶውስም ሲነሳ የሚያነበው መዝገብ አለው፤ ስሠራ አብረውኝ ይነሱ የተባሉ ፕሮግራሞች ስም ዝርዝር። ቫይረሱ ሲገባ ራሱን ድብቅ ፎልደር ውስጥ ገልብጦ ስሙን እዚህ መዝገብ ላይ ያስጽፋል። ኋላ አንቲቫይረሱ ይነቃና ፋይሉን ያጠፋል፤ ከመዝገቡ ላይ ግን ስሙን ሳይፍቅ ይቀራል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ስሙን ይጠራል፣ ፋይሉ የለም፣ ሳጥኗ ትወጣለች።

እኛ ደግሞ ወደምናውቀው መለስነው። በሻፊዒያ ፊቅህ ነጃሳ ዐይኒያና ሑክሚያ ተብሎ ይከፈላል። ዐይኒያ የሚባለው ቀለም፣ ሽታ ወይም ጣዕም ያለው ነው፤ መወገድ አለበት። ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ብቻ አልለቅ ካለ ይታለፋል። ሑክሚያው ግን ምንም ምልክት የለውም፤ ልብስ ላይ እንደደረቀ ሽንት ነው፣ አታየውም፣ አይሸትህም፣ ፍርዱ ግን አለ። ወንድማችን ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሳጥኗ የቀረ ቀለም ናት። ሑክሚያው የት እንዳለ ልንገራችሁ?» አለና እጁን ዘረጋ። «ፍላሻችሁን ስጡኝ።»

ፍላሹ ኪሳችን ውስጥ ነበር። ሁሌም ኪሳችን ውስጥ ነው። ኹጥባውን ገርጂ ወስደን የምናሳትመው በእሱ ነው። ሙሐደራና ቂርኣት ከቦሌ ሚካኤል ወንድሞች የምንገለብጠው በእሱ ነው። በእሱ ላይ ያሉት ፎልደሮች ከጊዜ ወዲህ ግርጌያቸው ላይ ትንሽ ቀስት አውጥተዋል፤ እኛ ግን አስተውለን አናውቅም። ቀስቷ ሾርትከት ነው ማለት ናት። ይህ ቫይረስ ፍላሽ ላይ ሲወርድ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ይተክላል። ሾርትከቱን ስትጫን ሁለት ነገር ይሠራል፤ መጀመሪያ ስክሪፕቱን ያስነሳል፣ ቀጥሎ የፈለግኸውን ፎልደር ይከፍትልሃል። ፎልደርህ ስለተከፈተ ምንም አትጠራጠርም።

መልሱ ይኸው ነበር። ጥገና ቤቱ ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ ሲያጥበው ፍላሹን የጠየቀን የለም። ንጹሕ ኮምፒውተር ይዘን ቤት እንገባለን፣ የኹጥባውን ፍላሽ እንሰካለን፣ ሾርትከቱን እንጫናለን፣ ይገባል። ኢንተርኔት የምናገኘው አልፎ አልፎ በስልክ ሆትስፖት ስለሆነ አንቲቫይረሱ ሳይታደስ ይቆያል። ሲታደስ ያገኘዋል፣ ፋይሉን ይገድላል፣ ስሙን ይተዋል፣ ሳጥኗ ትመጣለች። የመድረሳው ልጅ በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። ከጎሮ ገርጂ፣ ከገርጂ ቦሌ ሚካኤል ነጃሳውን ኪሳችን ውስጥ ይዘን የዞርነው እኛው ነን።

ለሚጠቅመው ሰው የሠራነውን እንንገር። ሳጥኗ ላይ የተጻፈውን ስም በወረቀት ገለበጥን። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲነኩ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ እዚያ «ስታርትአፕ» በሚለው ሥር ያለውን ዝርዝር አየን። ሙሉውን መዝገብ የሚያሳየው ግን ኦቶራንስ የሚባል ነጻ መሣሪያ ነው። የሠሩት ሲስኢንተርናልስ ናቸው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለገዛቸው ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ይወርዳል። ከሌላ ቦታ አታውርዱት። ከወረቀታችን ጋር የሚመሳሰለው ስም እዚያ ነበር፣ ፋይሉ እንደሌለ የሚያሳይ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ። መጀመሪያ ምልክቱን ብቻ አነሳንና ኮምፒውተሩን አጥፍተን ከፈትን፤ ሳጥኗ አልመጣችም። ከዚያ ሰረዝነው። ቀጥሎ የዊንዶውሱን የራሱን ዲፌንደር አድሰን «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን አስነሳን። ዊንዶውስ ሙሉ ለሙሉ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ተደብቆ የሚሠራ ነገር ካለ ለማግኘት ይሻላል።

አንድ ወንድም «ደብልዩ ስክሪፕት የሚባለውን ፋይል አጥፉት» ብሎን ነበር። አታጥፉት! እሱ የዊንዶውስ የራሱ አካል ነው፤ መልእክት አድራሹ ነው እንጂ ጥፋተኛው አይደለም። መንገዱ ግን ለክፉዎች ምቹ መሆኑ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከፊሊፒንስ ተነስቶ በኢሜይል ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትልም በዚሁ በቪቢ ስክሪፕት የተጻፈ ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን የስክሪፕት ቋንቋ ቀስ በቀስ ከዊንዶውስ እንደሚያስወጣው አስታውቋል።

ፍላሹን በተመለከተ፣ ፋይሎቻችሁ ጠፉ ብላችሁ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ንጹሕና አንቲቫይረሱ በታደሰ ኮምፒውተር ላይ ሾርትከቶቹን ሳትነኩ ፍላሹን ስካን አድርጉ። ከዚያ «ሂደን አይተምስ» የሚለውን አብርታችሁ፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምርጫ አጥፍታችሁ እዩ። የእኛ ኹጥባዎች ደብዘዝ ብለው ሁሉም ቁጭ ብለው ነበር። ገልብጠን አወጣናቸውና ፍላሹን ያኔ ፎርማት አደረግነው።

ይህ ሁሉ ግን ዝርዝሩን አይመልስም። የዚህ ዓይነት ስክሪፕቶች ብዙዎቹ ኢንተርኔት ሲያገኙ ከሩቅ ሰው ትእዛዝ የሚቀበሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ማይክሮሶፍት ጄንክስከስ በተባለው የፍላሽ ትልም ምክንያት በፍርድ ቤት ክስ ሲያቀርብ ከተከሳሾቹ መካከል የኩዌትና የአልጄሪያ ሰዎች ነበሩ። ይህን ያነሳነው የሙስሊም አገር ልጅ አያደርገውም የሚል የዋህነት በእኛም ስለነበረ ነው። ታዲያ የእኛ ቤቱ ስክሪፕት ሕያው በነበረባቸው ቀናት የዘካው ዝርዝር ወጥቶ ይሆን? ወንድማችን «ወጣ ለማለትም አልወጣም ለማለትም ማስረጃ የለኝም» አለ። ያ ሌሊት አስቸጋሪ ነበር። ጧት የኢሜይላችንን የይለፍ ቃል ከስልክ ቀየርን፣ ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» ገብተን የማናውቀውን ሁሉ አስወጣን፣ ከዚያም ሸይኻችን ጋ ሄድን።

ሸይኻችን ሰምተው ሲጨርሱ አልተቆጡም። «ዝርዝሩ ኮምፒውተር ላይ ለምን ገባ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። ለማደራጀት እንዲመች አልን። «ለማን እንዲመች?» አሉ። መልስ አልነበረንም። አሁን ዝርዝሩ እሳቸው ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ በሚያኖሩት ደብተር ላይ ነው። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ የሰው ስምና ስልክ የሚሰበስብ መስጂድም ሆነ እድር ቢያነበው ጥሩ ነው።

ዊንዶውሱም ክራክ ነበር። ይህን መናገር ያሳፍረናል። ጥገና ቤቱ ክራኩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱን አጥፍቶት እንደነበር በኋላ ነው ያወቅነው። የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ ናቸው ብሎ ወስኗል፤ ውሳኔውን በኮርስ ተምረነዋል። ተምረነው ኹጥባ በክራክ ስንጽፍ ነበር። አሁን ወንድማችን ነጻ የሆነውን ኡቡንቱ ጭኖልናል፤ ልጆቹ ለመዱት፣ እኛ ገና እየተደናበርን ነው።

ፍላሹን የሰካንባቸውን ቦታዎች ቁጭ ብለን ቆጠርን፤ አሥራ አንድ ሆኑ። ለሁሉም ደወልን። አብዛኞቹ አመሰገኑ። አንዱ «ታዲያ የእኔን ኮምፒውተር ያበላሸኸው አንተ ነህ?» ብሎ ተቆጣ፤ እውነቱን ነው፣ ሄደን አጸዳንለት። የገርጂው ማተሚያ ቤት ግን «ኡስታዝ፣ እኛ ጋ እኮ በቀን ስንቱ ፍላሽ ይሰካል» ብሎ ሳቀብን። ከማን ከማን እንደተጋባን አላህ ይወቅ።

የቀረው ልጁ ነበር። ከመግሪብ በኋላ ቤታቸው ሄድን። አባቱ ባሉበት፣ እንደጠረጠርነውና በስህተት እንደሆነ ተናግረን ዐፍው ጠየቅነው። አባቱ «ልጅህ ነው፣ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል» እያሉ ሊያስቆሙን ሞከሩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ችግር የለም ኡስታዝ» አለ። ሻይ ጠጥተን ወጣን።

መድረሳ ይመጣል፤ ሰላምታም ይሰጠናል። ቅዳሜ ግን ቤታችን አልመጣም። መዝገቡን እኛው በአንድ ጣት እየተየብን ነው፤ ገና «ሠ» ላይ ነን።