ልጅን ከመገሠጽ በፊት



በትንሣኤ በዓል ሰሞን አንዲት ተሳላሚ እናት ልጇን ይዛ በዴር ሱልጣን ወዳለችው በኣታችን መጣች። «አባታችን፥ ይህ ልጅ ውሸት ለምዷልና ገሥጹልኝ» አለችን። እኛም ስለ ሐሰት ክፋት አብዝተን ተናገርን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ሳለ የእናቱ ስልክ ጠራ። እርሷም «ገና መንገድ ላይ ነን፤ አልደረስንም» ብላ መለሰች። ልጁ ቀና ብሎ ዐይን ዐይናችንን አየን። እኛ ግን ይሉኝታ ያዘንና ዝም አልን፤ ባርከንም አሰናበትናቸው። ታናሹን ገሥጸን ታላቂቱን አልፈናልና ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከብደናል።

ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ፥ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ አድሮ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በወላጅ ያላደረ በልጅ እንዴት ያድራል?

«ወላጅም ሰው ነውና ይስታል» ቢባል እውነት ነው። በሕፃንነታችን ድመት ስላፈሰሰችው ወተት እናታችን እኛን ገርፋን ነበር። እውነቱን ባወቀች ጊዜ ግን «ልጄ፥ በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ» አለችን። ፊደል ከመቍጠራችን በፊት ንስሓን የተማርነው ከእርሷ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በልጆቻችሁ ፊት ብትስቱ በፊታቸው ተመለሱ። ያችም እናት ይህን ብታነብ፥ በዚያች ቀን እውነቱን ሳንነግራት ዝም ስላልን ይቅር ትበለን።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን በጥበብና በሞገስ ያሳድግላችሁ። አሜን።