እምቢ የማይለው ሰዓሊ

አልሠራም ብሎ የቆመ ኮምፒውተር ብዙም አያስቸግርም። የስህተት መልእክት ይሰጣችኋል፤ እሱን ይዛችሁ መላ ትፈልጋላችሁ። ዕድሜ የሚቀንሰው «እሺ» እያለ የሚንቀራፈፈው ነው። ስህተት አያወጣም፣ ቀይ መብራት አያበራም፤ ብቻ ሥራው አይገፋም።

በምሠራበት መሥሪያ ቤት የካርታ ባለሙያዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች አቅመ ደካሞች ናቸው። ጉልበተኛው ሰርቨር ምድር ቤት ተቆልፎበት ሲጮህ ይውላል። በኬቪኤም ወደ ብዙ የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽኖች ተከፋፍሏል፤ ባለሙያው በቪኤንሲ ይገባና የሩቁን ስክሪን እንደራሱ ያዘዋል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ማለፊያ ነው። ጣጣው የመጣው ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ተራራና ሸለቆውን በስሪ ዲ ማገላበጥ ሲጀመር ነው። ለዚሁ ተብሎ ግራፊክስ ካርድ ተገዝቶ፣ ለአንዱ ቨርቹዋል ማሽን ሙሉ በሙሉ ተሰጥቶ፣ ተመርቋል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ነው ካርታ ክፍል ያለችው ልጅ የደወለችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ያስባል እንዴ? ተራራውን ወደ ግራ ሳዞረው ዝም ይላል፤ ተስፋ ቆርጬ ስተወው ይዞራል።»

«ዘግተሽ ክፈቺው» አልኳት። ከሙያችን ይህን ምክር ብትወስዱብን ብዙ አይተርፈንም።

«ከጠዋት ጀምሮ ስዘጋና ስከፍት ነው የዋልኩት፣ ጋሼ።»

በእንዲህ ያለ ጉዳይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ ሥዕሉን የሚስለው ማን ነው? ለዚህ «ጂኤልኤክስኢንፎ» የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። ተርሚናል ከፍታችሁ ትጽፏታላችሁ፤ ከምትዘረግፈው መካከል «ሬንደረር» የሚለውን መስመር ታነባላችሁ። እዚያ ላይ የካርዱ ስም መገኘት ነበረበት። የተገኘው ግን «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ነው።

ሊኑክስን በቨርቹዋል ማሽን ያስኬደ ሰው ይህን ስም ሳያውቀው አይቀርም። ካርድ አይደለም። ካርድ ሲታጣ ፕሮሰሰሩ ራሱ እያንዳንዱን ነጥብ እያሰላ እንዲስል የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ካርድ በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎቹ ባንድ ጊዜ የሚጨርሰውን ስሌት፣ ይሄኛው በተሰጡት ጥቂት ኮሮች ላይ እየተጨናነቀ ይሠራዋል። ሥዕሉ ትክክል ነው፤ አንድም ነጥብ አያጎድልም። የሚጎድለው ጊዜ ነው። ካርዱ ደግሞ እዚያው ሰርቨር ውስጥ ፋኑን እያሽከረከረ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

እንግዲህ የዚህን ሰዓሊ ዘር ልቁጠርለት፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ ነው። በፕሮጀክት አቴና የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸውን ኮምፒውተሮች ለተማሪዎች በአንድ ኔትወርክ ለማያያዝ ሲታሰብ፣ ቦብ ሻይፍለር ከስታንፎርድ የመጣውን «ደብልዩ» የተባለ የመስኮት ሥርዓት ወስዶ አሻሻለውና በፊደል ተራ ቀጣዩን ስም ሰጠው፦ ኤክስ። በ1987 አሥራ አንደኛው እትም ወጣ። ቁጥሩ ዛሬም እዚያው 11 ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጨመረው ሁሉ በዚያው ላይ ነው የተለጠፈው።

የኤክስ ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ ፕሮግራሙ ሩቅ ቦታ ይሮጣል፣ ሥዕሉ ግን የሚሳለው ተመልካቹ ጠረጴዛ ላይ ነው። በሽቦው የሚያልፈው ሥዕሉ ሳይሆን «እዚህ ጋ መስመር አስምር፣ እዚያ ጋ ሳጥን ቀባ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሲሊከን ግራፊክስ በ1992 ኦፕንጂኤልን ሲያወጣም በኤክስ ላይ የሚሠራበት መንገድ፣ ጂኤልኤክስ የተባለው፣ ይህንኑ ተከተለ፤ የስሪ ዲ ትእዛዝም በኔትወርክ መሄድ ቻለ። ከዚህ ሁሉ ሥር ማንም ጮክ ብሎ ያልተናገረው አንድ ግምት አለ። ግራፊክስ ካርዱ ያለው በሚያየው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚል ግምት። ሲሊከን ግራፊክስ ማሽን ያለው ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ዋጋውን ከፍሎበታላ።

ያልከፈለውስ? ብራያን ፖል የተባለ፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን ይሠራ የነበረ ፕሮግራመር በ1993 በትርፍ ጊዜው ሜሳ የተባለውን ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። የኦፕንጂኤልን ትእዛዞች የሚቀበል፣ ነገር ግን ውድ ካርድ የማይጠይቅ፣ ሁሉንም በፕሮሰሰሩ የሚስል። ሲሊከን ግራፊክስን አስፈቅዶ በ1995 በነጻ ለቀቀው። በኋላ ካቋቋሙት አንዱ የሆነበት ተንግስተን ግራፊክስ የተባለ ኩባንያ በ2008 መጨረሻ በቪኤምዌር ተገዛ። የቨርቹዋል ማሽን ነጋዴ የሰዓሊዎቹን ቤት ገዛ ማለት ነው። የአሁኑ ሰዓሊያችን የተወለደው በዚያው ዘመን ከዚያው ቤት ነው። የስሙን የፊት ግማሽ ያገኘው ከኤልኤልቪኤም ነው፤ ይህም በ2000 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ለፕሮሰሰሩ የሚስማማ ኮድ እዚያው በሩጫ ላይ እያዘጋጀ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ሰዓሊው የክፋት ልጅ አይደለም። ካርድ መግዛት ላልቻለ ሰው «ችግር የለም፣ እኔ እስልልሃለሁ» ተብሎ የተሠራ ነው። ሜሳ ዛሬ የእውነተኛ ካርዶችንም ድራይቨር ይዟል፤ የኛ ኤኤምዲ ካርድ ድራይቨር የሚመጣው ከዚሁ ነው። ጉልበተኛውና አቅመ ደካማው አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። በር ስታንኳኩ ጉልበተኛው ከሌለ ደካማው ይወጣል፤ ማን እንደወጣ ግን አይነገራችሁም።

የሩቁን ስክሪን ያመጣልን ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ነው። ኬምብሪጅ ውስጥ በ1991 የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ሰዎች ፎቅ ወጥተው የቡናው ማንቆርቆሪያ ባዶ ሆኖ ሲጠብቃቸው ተናደዱና ካሜራ ደቀኑበት፤ ምስሉም በያንዳንዳቸው ስክሪን ጥግ በኤክስ መስኮት ይታይ ጀመር። (እኛ ቤት ካሜራ አያስፈልግም፤ ሲቆላ ሽታው ጎረቤት ይጠራል።) ምስሉን የሚያሳየውን ፕሮግራም የጻፈው ኩዌንቲን ስታፎርድ-ፍሬዘር በኋላ ቪኤንሲን ከሠሩት አንዱ ሆነ። ቪኤንሲ ከዚያው ከኬምብሪጅ፣ ከኦሊቬቲና ኦራክል የምርምር ቤተ ሙከራ በ1998 ለሕዝብ ወጣ። አሠራሩ ከኤክስ ተቃራኒ ነው፦ ትእዛዝ አይልክም፤ ተስሎ ያለቀውን ምስል ይልካል። ተመልካቹ ምንም አቅም አያስፈልገውም። በሊኑክስ ላይ ግን ያ የሚላከው ስክሪን ብዙውን ጊዜ በሰርቨሩ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ያለ ስክሪን ነው። ከየትኛውም ካርድ ጋር አልተያያዘም።

አሁን ሁለቱን አገናኙ። ኤክስ ካርዱ ተመልካቹ ጋ ነው ብሎ ገምቷል። ቪኤንሲ ካርድ የሚባል ነገር ትዝም አላለው። የኛ ካርድ ደግሞ ከሁለቱም ግምት ውጪ ምድር ቤት ሰርቨር ውስጥ ነው። ኪውጂአይኤስ በቪኤንሲው ስክሪን ላይ «ስሪ ዲ የሚስል አለ?» ብሎ ሲጣራ ካርዱ ጥሪው አይደርሰውም፤ ደጉ ሰዓሊ «አቤት» ይላል።

ለዚህ ፍቱን የሆነው ቨርቹዋልጂኤል ነው። ነዳጅ ፈላጊዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግድም የከርሰ ምድር መረጃቸው በኔትወርክ የማይጎተት ትልቅ ሲሆንባቸው የመጣ መላ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ከፊቱ ይቀድምና የስሪ ዲ ትእዛዞቹን መንገድ ላይ ይጠልፋል፤ ሰርቨሩ ላይ ካለው ካርድ ጋር ወደተያያዘው ስክሪን ወስዶ ያስላቸዋል፤ የተሳለውን ምስል መልሶ ቪኤንሲው መስኮት ላይ ይለጥፋል። ኪውጂአይኤስ ይህ ሁሉ ሲሆን ነገሩን አያውቅም። የሚጠበቅባችሁ ከፕሮግራሙ ስም በፊት «ቪጂኤልረን» ብሎ መጻፍ ነው።

እንዲህ ጽፈን ልንጀምር ስንል ኃላፊው ብቅ አሉ። ጂኤልኤክስጊርስ የምትባለውን መሞከሪያ ያውቋታል፦ ባለ 20 ጥርስ ቀይ ጥርስ መዘውር፣ ከጎኑ ባለ 10 ጥርስ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ተያይዘው የሚዞሩ። እሷም የብራያን ፖል እጅ ሥራ ናት። በየ5 ሰከንዱ ስንት ሥዕል እንደሳለች ታትማለች።

«ቤት ላፕቶፔ ላይ በሰከንድ 60 ነው የምትለው» አሉ። «እዚህ ከ600 በላይ ናት። አሥር እጥፍ! እናንተ ምን ሆናችሁ ነው ቀርፋፋ ነው የምትሉት?»

የላፕቶፑ ካርድ 60 ላይ የሚቆመው ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ስለሚታደስና እሱን ስለሚጠብቅ ነው። ደጉ ሰዓሊያችን የሚጠብቀው እውነተኛ ስክሪን የለውም፤ ሦስት መዘውር ደግሞ ለፕሮሰሰርም ቀላል ነው። ተራራ ስጡት፣ ያኔ ታዩታላችሁ። ይህን በአክብሮት አስረዳኋቸው። «እሺ፣ ግን 600 ነው» ብለው ሄዱ።

ቪጂኤልረን ግን አልተነሣም፤ የካርዱን ስክሪን መክፈት አልቻልኩም ብሎ ቀጥ አለ። ደስ አለኝ። በዚያ ቀን ከማሽኑ የሰማሁት የመጀመሪያው ቅን ቃል ነበር። ልጅቷ ካርዱን ለመጠቀም በተፈቀደለት ቡድን ውስጥ አልገባችም፤ አስገባኋት፣ ወጥታ ገባች፣ ትእዛዙ ተነሣ። ሬንደረሩን አነበብኩ። ኤልኤልቪኤምፓይፕ!

መጨረሻ ምክንያቱ የተገኘው ማንም ተጠቃሚ ሲገባ ከሚነበቡት የሲስተም ፋይሎች በአንዱ ውስጥ ነው። ካርዱ ከመገዛቱ በፊት በቨርጂል እንሠራ ነበር፤ ይህም የቨርቹዋል ማሽኑን የስሪ ዲ ትእዛዝ ወደ እናት ሰርቨሩ የሚያሻግር፣ በሊኑክስ ከርነል 4.4 የገባ አሠራር ነው። ያኔ ፕሮግራም እየዘጋባቸው ሲያስቸግር፣ አሁን መሥሪያ ቤቱን የለቀቀ አንድ ባለሙያ «ሁሌም በፕሮሰሰር ሳል» ብሎ ሜሳን የሚያዝ አንድ መስመር ጨምሮ ኖሯል። ከጎኑ በላቲን ፊደል «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ ጽፏል። እኔ አልፈርድበትም፤ ሥራውን አስኪዷል። የምወቅሰው ያን መስመር እያነበበ በየቀኑ ያለ አንዲት ቃል የሚታዘዘውን ነው። ደካማው ሰዓሊ ይኑር፤ ያለሱ ስንቱ ቨርቹዋል ማሽን ዴስክቶፑን እንኳ በወጉ ባላሳየ። ግን ሥራ ሲጀምር በስክሪኑ መሐል በትልቁ «ካርድ አጥቼ ነው፣ እኔ ነኝ የምስለው» ቢል ምን ነበረበት? ያለው መልእክት ሁሉ የሚወጣው ተርሚናል ላይ ነው፤ አዶ ተጭኖ ፕሮግራም የሚከፍት ሰው ደግሞ ተርሚናል አያይም።

መስመሩን አጠፋሁት። ተራራው ዞረ፤ ልጅቷም «እንዲህ ነበር እንዴ!» አለች። የቀረችው ትንሽ መዘግየት የኔትወርኩ ናት፣ የምስሉን ጥራት በጥቂቱ ዝቅ ስናደርገው ተሻላት።

እናንተም መሥሪያ ቤት የሩቁ ስክሪን ተንቀርፍፎ «ሌላ ካርድ ይገዛ» የሚል ደብዳቤ እየተጻፈ ከሆነ፣ ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጂኤልኤክስኢንፎን ጻፉና ሬንደረር የሚለውን መስመር አንብቡ።