«ሶሪ» ስንል ምን እያልን ነው?

ታክሲ ውስጥ እግራችንን የረገጠን ሰው «ሶሪ» ይለናል። ለመዝሙር ልምምድ ያረፈደም «ሶሪ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» ይላል። ቃሉ እንግሊዝኛ መሆኑን እንኳ ረስተነዋል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ይህችን ቃል ከእኛ በላይ ያሠሯታል። ሰው ሲሞትባችሁ፣ እኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በምንልበት ቦታ እነርሱ «ሶሪ» ይላሉ። የተናገራችሁትን ካልሰሙ፣ «አቤት?» እንደማለት «ሶሪ?» ይሏችኋል። ሱቅ ሲዘጋ በሩ ላይ «ሶሪ፣ ዝግ ነው» ተብሎ ይለጠፋል። ለችግረኛ ማዘንም በዚሁ ቃል ይነገራል። እንግሊዞችማ እግራቸውን የረገጣቸውን ሰው ራሳቸው ቀድመው «ሶሪ» ይሉታል እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ «ሶሪ» የሚል ሰው የበደለው የለም። ቃሉ በራሱ «አዝኛለሁ» እንጂ «በድያለሁ» አይልም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሕመምንና ቁስልን ከሚገልጽ ቃል የወጣ ነው። ከልብ ሲነገር «የአንተ ቁስል እኔንም ያመኛል» እንደማለት ነው።

የእኛ «ይቅርታ» ግን «ቀረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። «ይቅር በለኝ» ስንል «በደሌ ይቅርልኝ፣ አትቁጠርብኝ» ብለን የበደልነውን ሰው መለመናችን ነው። «ሶሪ» ብሎ መሄድ ይቻላል፤ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ግን መልስ ይጠብቃል። በሽምግልና ባህላችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪባል ተበዳይ ፊት ጎንበስ የሚለው ለዚህ ነው።

ይህን ስል የእኛ ቃል ቅዱስ፣ የእነርሱ ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም። እኛም መንገደኛ አስቁመን «ይቅርታ፣ ስንት ሰዓት ነው?» እንላለን። ጥያቄው ከቃሉ በኋላ ምን ይከተላል የሚለው ነው።

በማስተምራቸው ወጣቶች መካከል አንዲት እህት ለጸሎት ብላ የነገረችውን የቤተሰቧን ጉዳይ አንድ ወንድም የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የጸሎት ርእስ» ብሎ ለጠፈው። ስታለቅስበት «ሶሪ» ብሎ ጻፈላት። ሁለት ፊደል። ጓደኞቿም «ሶሪ ብሎሻል እኮ፤ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?» ይሏት ጀመር። ወደ እኔ መጥታ «ሶሪ ብሎኛል፤ ታዲያ ለምን አሁንም ያመኛል?» አለችኝ።

ወንድምን ጠርቼ «ምን ብለህ ጠየቅሃት?» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ምንም አልጠየቅኋትም፤ ሶሪ ነው ያልኳት» አለ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን አጠፋው፤ የእኔ ያልሆነውን ነገር አውርቻለሁ ብሎም እዚያው ግሩፕ ላይ ጻፈ። ቀጥሎ ፊት ለፊት ይቅርታ ጠየቃት። እርሷም ጊዜ እንዲሰጣት ለመነችው፤ ጠበቃት። ይቅርታውን ያገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ንጉሥ ሳኦል «በድያለሁ» ብሎ ሳሙኤልን የለመነው ግን በሽማግሌዎች ፊት ክብሩ እንዲጠበቅለት ነበር (1ኛ ሳሙኤል 15፥30)። ዘኬዎስ ስለ ኀዘኑ አንድም ቃል ሲናገር አናነብም፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፣ ለበደለውም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃስ 19፥8)። ጳውሎስም ሁለት ዓይነት ኀዘን እንዳለ ያስተምረናል፤ አንዱ ወደ ንስሐ ያደርሳል፣ ሌላው ወደ ሞት (2ኛ ቆሮንቶስ 7፥10)። ከአፍ ሲወጡ ሁለቱም «ሶሪ» ሊባሉ ይችላሉ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ «ሶሪ» ማለት አይቅር። በደል ሲሆን ግን ሦስት ነገር እንጨምርበት፤ የበደልነውን በስሙ እንጥራ፣ የሚመለሰውን እንመልስ፣ መልሱን በትዕግሥት እንጠብቅ። የተበደለውንም ይቅርታ አድርግ ብለን ከማጣደፋችን በፊት ቁስሉን እንይ። መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለን ጌታ (ማቴዎስ 5፥23-24) ለዚያ የሚሆን ትሕትና ይስጠን።