አያታችን ያልገቡበት ፎቶ

ባለፈው ዒድ አል-ፊጥር 14 ሆነን በጠባቧ ሳሎናችን ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ሲታይ አያታችን የሉበትም፤ ከዳር ተቆርጠው ቀርተዋል። ወንድማችንን መውቀስ አይገባም፤ ጀርባው ግድግዳ ነክቶ ወደ ኋላ የሚሸሽበት አጥቶ ነበር። የካኖን ካሜራችን ሴንሰር ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለሚያንስ፣ የሌንሱ 18 ሚሊ ሜትር የሚያሳየው 29 ያህሉን ነው።

ለአረፋ ብለን ያገለገለ ሰፊ ሌንስ ለመግዛት ገንዘብ አዋጣን፤ ከዚያ ተከራከርን። ግማሻችን ቶኪና 11-16ን ወደደ። ቀዳዳው እስከ 2.8 ስለሚከፈት ለጨለማ ቤት ይሆናል፤ ግን 560 ግራም ይመዝናል። ካኖን በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው 10-18 ክብደቱ 240 ግራም ብቻ ሲሆን የእጅ መንቀጥቀጥንም ይከላከላል። እርግጥ የሚሮጥ ሕፃንን አያቆምም። ሆኖም በቀን፣ መስኮት ከፍተን ስለምንነሳ እሱን መረጥን። በእኛ ሳሎን 1 ሚሊ ሜትርም ቀላል አይደለችም!

ስንሞክረው ዳር የቆመ ሰው ፊቱ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። አጎታችን ራሳቸውን አይተው «ይኼ ደግሞ ማነው?» አሉ። እንግዲህ ኢንሻአላህ ለአረፋ አያታችን መሐል ይቀመጣሉ። ዳር የሚቆመው ማን እንደሆነ ግን ገና አልተስማማንም።