አልበሙ ይቆይ

እህቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ ብዬሻለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምልሽ ግን አላውቅም።

ድንኳኑ ፈርሷል። የእድሩ ወንበርና ድስት ተመልሷል። ዘመድም ወደየቤቱ ሄደ። ሰው ሰልስቱ ካለፈ ይቀላል ይላል። አይቀልም። ቤቱ ጭር የሚለው ገና አሁን ነው።

ለአርባው ፎቶ ምረጪ ብለውሽ አልበሙን መክፈት አቃተኝ አልሽኝ። አትክፈቺው። ይቆይ።

ለቅሶው ላይ የተሰቀለው ለመታወቂያ የተነሡት ጉርድ ነው። «እናቴን አይመስልም» ብለሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። እውነትሽን ነው፤ አይመስልም። እማማ እንደዚያ ፊታቸውን አጥብቀው አያውቁም።

እማማ ያሉት ሰበታ፣ ከሜታ አቦ ፋብሪካ ወዲህ ባለው ቤታችሁ፣ አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና በያሺካቸው ባነሷቸው ፎቶዎች ላይ ነው። አንዱ ላይ ግንባራቸው ተቆርጧል፤ ጀበናውን የያዘው እጃቸው ግን ሙሉ ነው። ሌላው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊልሙ ቢበዛ 36 ነው፤ ማን ድገሙት ይላል? እስኪያልቅ ድረስ ካሜራው ውስጥ ይከርማል። ሲታጠብ የፋሲካው ዶሮና የእንቁጣጣሽ አደይሽ ከአንድ ፖስታ ይወጡ ነበር። ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን ደግሞ ከማንኛውም ፎቶ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍ አይተሽው ይሆናል። ከየሰው ቤት አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎች የተሠራ ነው። የማላውቃቸውን ሰዎች ከነልጆቻቸው ሳይ ሆዴ ባብቷል። የራስሽን እናት ማየት ቢከብድሽ ምን ይገርማል?

ለዘመዶችሽ እኔ እነግራቸዋለሁ። አርባው ያለ ፎቶ ቢወጣም ጸሎቱ አይጎድልም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የሱሉልታ ክረምት እርጥብ ነው። አልበሙን ከግድግዳው አርቀሽ ቁም ሳጥኑ ላይ አኑሪው። ላስቲኩ ላይ የተጣበቁትን እንዳትስቢ፤ ፊታቸው ይላጣል። እንደተጣበቁ በስልክ ማንሳት ይቻላል። ቀኑ ሲደርስ እሱን እኔ እሠራዋለሁ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ። ከርሞም ካልሆነ ይቆይ።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለዋል። መንገዱ ግን አልቀረበልንም። ከቡራዩ አንቺ ጋ ለመድረስ ዛሬም በዊንጌት፣ በአዲሱ ገበያ ዞሬ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ ነው። ቢሆንም ቅዳሜ እመጣለሁ። ከዚያ የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ።

ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ቤቱን አላዘጋጀሁም ብለሽ እንዳትጨነቂ። ማውራት ካልፈለግሽ አናወራም። ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ፤ በቃሽ የሚልሽ የለም። ስለ እማማ ማውራት ከፈለግሽም እስኪመሽ እሰማሻለሁ፤ ከመሸ አድራለሁ።