የፋቅኋት ቆርቆሮ

ይህን የምጽፈው አሶሳ ያሉ አንዲት እናትን ስለበደልኩ ነው። ገንዘባቸውን አልበላሁም። ያጎደልኩባቸው ከገንዘብ የሚከብድ ነገር ነው።

ቤተሰቦቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ከሰፈሩት ወገን ናቸው። እኚህ የበርታ እናት ጎረቤታችን ነበሩ። እንደ ልጃቸው አይተው አሳድገውኛልና እማማ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ከሳጥናቸው መዳፍ የምታህል የትምባሆ ቆርቆሮ አወጡና፣ «ልጄ፣ አዲስ አበባ ስትሄድ ይህችን አስገምተህ ሽጥልኝ፤ ለልጆቹ ደብተር ትሆናለች» አሉኝ።

የቆርቆሮዋን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. የቤልጂክ ኮንጎ ጦር ከሱዳን በኩል መጥቶ አሶሳን ከጣሊያን እጅ አስለቀቀ። ያኔ ልጅ እግር የነበሩት የእማማ አባት ለወታደሮቹ ውሃ ይቀዱ ነበር። አንዱ ወታደር ትምባሆው ሲያልቅ ቆርቆሮዋን ሰጣቸው። አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምባሆ ያዙባት። እማማ ደግሞ ከወንዝ አሸዋ አጥበው ያገኙትን ብናኝ ወርቅ ለነጋዴ እስኪያቀርቡ ያኖሩባት ነበር።

ክዳኗ ዝጓል። ከዝገቱ መሐል ግን ቀይ ቀለምና የላቲን ፊደላት ይታያሉ። ለእኔ ሁሉም እድፍ ነበር። ገዢ የሚያበራ ዕቃ ይወዳል ብዬ፣ በጉዞዬ ዋዜማ በሎሚና በአሸዋ፣ በመጨረሻም በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኋት። ስታብለጨልጭ ሳያት በእጄ ሥራ ኮራሁ።

ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ አዲስ አበባ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ፊት አስቀመጥኳት። ሰውየው ዋጋ ሳይጠራ ጣቱን በክዳኗ ላይ አዟዟረና «ጽሑፉ የት ሄደ?» አለኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገመት መጀመሪያ የሚታየው ጽሑፉ ነው። የፋብሪካው ስም፣ ከተማው፣ የትምባሆው ዓይነትና ክብደቱ ዕቃው ከየት አገር፣ በየትኛው ዘመን እንደመጣ ይመሰክራሉ። ቀለሙ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ስለሚታተም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ስስ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ልባጥም በሽቦ ከተጫረ፣ ዝገቱ ከበፊቱ ፈጥኖ ይመጣል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራዋን ጠርጌ ብተዋት ይበቃ ነበር። «አሁን ይህች ከማንም ቤት የወጣች ቆርቆሮ ናት» ብሎ 400 ብር ሰጠኝ።

እስከዚህ ያለው አለማወቅ ነው። በደሌ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አሶሳ ተመልሼ ብሩን ሳስረክብ፣ «እማማ፣ ዕቃዋ ድሮም ዋጋ የላትም አሉኝ» አልኳቸው።

ብሩን ሳይቆጥሩ ያዙና፣ «አባቴ ግን ትልቅ ዕቃ ናት ይለን ነበር» ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያን ታሪክ ሲያወሩ አልሰማሁም። የልጅ ልጃቸው ስለ ወታደሮቹ እንዲነግሩት ሲለምናቸው እንኳ «ተወው፣ የድሮ ወሬ ነው» አሉት። የሠራሁት ሥራ ያን ጊዜ ገባኝ። በሽቦ ፊደሉን ከቆርቆሮዋ ፋቅሁ፤ በውሸቴ ደግሞ የአባታቸውን ቃል ከልባቸው።

ሁለት ዓመት ይህን ተሸክሜ ኖርኩ። ባለፈው ወር እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሎሚውንም፣ ሽቦውንም፣ ውሸቱንም ነገርኳቸው። መልሼ ልገዛት ወደ ነጋዴው ሄጄ ተሸጣ እንዳጣኋትም አልደበቅኋቸውም።

ብዙ ቆይተው «ያ ፊደል ዋጋ ነበረው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ዋጋዋ እሱ ነበር እማማ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ አባቴ አልዋሸንም» አሉ፣ ፊታቸውን በር ላይ ወደ ቆመው የልጅ ልጃቸው አዙረው።

ይቅር አሉኝ። ማታውኑ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩት። እኔ ጥግ ይዤ በደብተር ጻፍኩት፤ አንዲት ቃል ሳላስተካክል።